ከሐምቬንሽንና ከፍሪድሪክስሃፈን ለአዲስ አበባ ሰማይ የሚሆነው የቱ ነው?

ይህ የአንድ አማተር ሬዲዮ (በፈቃድ ለትርፍ ጊዜ የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) የውይይት ክር ርዕስ ነው፤ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ አስመስሎ አቋም ነው ያቀረበው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ኦሃዮ ውስጥ ዚንያ ላይ የሚካሄደውን ሐምቬንሽንና በሰኔ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ፍሪድሪክስሃፈን ላይ የሚካሄደውን የጀርመኑን የአማተር ሬዲዮ ጉባኤ አንስቶ፣ ገለጻው ብዙ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ሰማይ ሳይቀነስ ሳይጨመር የሚሠራው አንድ ርዕስ ብቻ ነው አለ፤ ኪውኦ-100። ኤስሃይል-2 የተባለው የኳታር ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2018 ሲመጥቅ ኪውኦ-100 የሚባለው የአማተሮች መሣሪያ ተጭኖበት ነበር። ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ አገልግሎቱ ክፍት ነው። 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሞ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ይሸፍናል። እንደ ሌሎቹ የአማተር ሳተላይቶች በአሥር ደቂቃ ውስጥ አልፎ የሚሄድ አይደለም፤ ቀን ከሌት ባለበት ነው።

ለመስማት ብቻ የሚያስፈልገውንም ዘርዝሯል። ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ፣ ላዩ ላይ 9.75/10.6 የሚል የተጻፈበት ፒኤልኤል ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ሆኖ ምልክቱን የሚቀበልና ፍሪኩዌንሲውን የሚያወርድ)፣ ባያስ ቲ (በገመዱ በኩል ለኤልኤንቢው ቮልት የሚያስገባ)፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አርቲኤል-ኤስዲአር (ኮምፒውተሩን ሬዲዮ ተቀባይ የሚያደርግ ዶንግል) እና ላፕቶፕ። የሳተላይቱ ጠባብ ባንድ፣ ድምፅና ሞርስ የሚተላለፍበት፣ ወደ ምድር የሚወርደው ከ10489.5 እስከ 10490 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ኤልኤንቢው ከዚህ ላይ 9750 ስለሚቀንስ ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈለገው ከ739.5 እስከ 740 ነው። መሐል ላይ፣ 739.75 አጠገብ፣ ሳያቋርጥ የሚልከው ቢከን (የመለያ ምልክት) ይታያል። ጠያቂው ሲጨርስ ከዚህ የሚበልጥ ርዕስ ያለው ካለ ያምጣ ብሎ ለቀቀው። ይህቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት በኋላ ነገሩን ያሞቀችው።

መልስ 1 ከእስራኤል የመጣ ነው፤ በምስጋና ጀምሮ በቀጥታ ወደ ማዕዘን ገባ። ከአዲስ አበባ ሳተላይቱ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት አቅጣጫ ሲቆጠር 235 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ በላይ ደግሞ 72 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከቴል አቪቭ 196 እና 51 ነው። ለኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የተተከለ ዲሽ ከአዲስ አበባ ወደ 115 ዲግሪ ስለሚያይ መዞሩ ግድ ነው። ድሮ ለዓረብሳት በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ተተክሎ ጣሪያ ላይ የተረሳ ዲሽ ካለ ግን ሳይነካ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የ0.1 ዲግሪ ልዩነት ለ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ምንም አይደለም። ቀጥሎ ያነሳው ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነው። ኦፍሴት ዲሽ (የተለመደው፣ ኤልኤንቢው ከመሐሉ ዝቅ ብሎ የሚቆም) ከፊቱ 25 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ስለሚያይ፣ ፊቱ በዓይን ሲታይ 47 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው መሆን ያለበት። ፊቱን 72 ላይ የሚያደርግ ሰው ሳተላይቱን በሩቁ አልፎታል። የአንዳንድ ርካሽ ዲሽ መያዣ ብሎንም እስከ 72 አይደርስም፤ ያኔ ያለው መላ ምሰሶውን ራሱን ማዘንበል ነው።

መልስ 2 አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከሙሉው ክር የሚበልጠው እሱ ነው። ከፍሪድሪክስሃፈን የሚመጡት መመሪያዎች ኤልኤንቢውን ከሞገዱ አቋም (ፖላራይዜሽን) ጋር እንዲገጥም በጥቂቱ ጠምዝዙት ይላሉ፤ እዚያ ሳተላይቱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 33 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሚፈለገው ጥምዘዛ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሳተላይቱ በደቡብ ምዕራብ ነው፣ እኛም ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ስለዚህ ጥምዘዛው በስሌት ወደ 54 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያውም ከጀርመኑ በተቃራኒ አቅጣጫ። ኤልኤንቢውን ቀጥ አድርጎ የተወ ሰው 4.6 ዲቢ፣ ማለትም ከምልክቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን፣ ያጣል። ዲሹ ትልቅ ነው፣ ቢከኑ ግን ደካማ ነው የሚል ሰው ዲሽ ከመቀየሩ በፊት የኤልኤንቢውን አንገት አላልቶ ቢከኑ ከፍ እስኪል እያዞረ ይመልከት። በዱባይ ጥምዘዛው 46 ዲግሪ ገደማ እንደሆነም ጨምሯል።

መልስ 3 ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ኤልኤንቢው የሚሠራበትን 13 ቮልት የሚያገኘው በዚያው በኮአክሲያል ገመዱ በኩል ነው፤ ያ ቮልት በቀጥታ ወደ አርቲኤል-ኤስዲአር ከገባ መግቢያውን ሊያቃጥለው ይችላል። አንዳንድ ዶንግሎች ውስጥ ያለው ባያስ ቲ የሚሰጠው 4.5 ቮልት ስለሆነ ለአብዛኞቹ ኤልኤንቢዎች አይበቃም፤ የውጭ ባያስ ቲ ያስፈልጋል። ከመሰካቱ በፊት ወደ ዶንግሉ በሚሄደው ጫፍ ላይ በመልቲሜትር ዜሮ ቮልት መነበቡን ማረጋገጥ የግድ ነው። የቮልቱን ልክም መጠበቅ ነው፤ 13 ሲሆን ኤልኤንቢው ቀጥ ያለውን ፖላራይዜሽን ይመርጣል፣ 18 ሲሆን አግድሙን። የምንፈልገው ጠባብ ባንድ ያለው በቀጥታው ላይ ነው።

መልስ 4 ባያስ ቲ የማይገኝበት ቦታ ላለ ሰው መላ አመጣ። አሮጌ የዲሽ ሪሲቨር ቮልቱን ይስጥ፤ በአንድ በኩል ብቻ ቮልት የሚያሳልፍ ስፕሊተር ይገዛና የሚያሳልፈው በኩል ሪሲቨሩ፣ የማያሳልፈው በኩል ዶንግሉ ይሰካል። ሪሲቨሩ ግን በቀጥታ ፖላራይዜሽን ዝቅተኛ ባንድ ላይ ባለ ቻናል መቆም አለበት። ከፍተኛ ባንድ ላይ ከሆነ የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ይልክና ኤልኤንቢውን ወደ 10600 ያዞረዋል፤ ያኔ 740 አካባቢ ባዶ ነው የሚሆነው። ሁሉ ተሰክቶ ምንም የማይታየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 5 ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ጥያቄ ነው፦ ቢከኑ ጠዋት ከታየበት እኩለ ቀን ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎኸርዝ ሸሽቶ ይገኛል፤ ኤልኤንቢው ተበላሽቷል ወይ? መልስ 6 አልተበላሸም አለ። በአብዛኞቹ ኤልኤንቢዎች ውስጥ ያለው ክሪስታል 25 ሜጋኸርዝ ነው፣ በ390 ተባዝቶ ነው 9750 የሚሆነው። ስለዚህ ክሪስታሉ ላይ የሚፈጠር የሚሊዮን አንድ እጅ ለውጥ ከላይ 9.75 ኪሎኸርዝ ሆኖ ይታያል፤ የአንድ ሰው ድምፅ ደግሞ የሚይዘው 2.7 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ርካሹ መፍትሔ ኤስዲአር ኮንሶል የተባለው ፕሮግራም ራሱን ከመሐሉ ቢከን ጋር እንዲያስር ማድረግ ነው፤ ክሪስታሉ ሲሸሽ ፕሮግራሙ ይከተለዋል። ውድ የሚሆነው ክሪስታሉን ነቅሎ ከጂፒኤስ የታሰረ 25 ሜጋኸርዝ ማስገባት ነው። ነጭ ቀለም መቀባትና ጥላ ማድረግ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አያቆመውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እየተመሰጋገነ ነበር። መልስ 7 ከኮሎምበስ ኦሃዮ ሲመጣ ግን ቅሬታ ይዞ ነው። ከኮሎምበስ ዚንያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እዚያ ያለ ሰው ግን ኪውኦ-100ን አያገኘውም፤ ሳተላይቱ ከአድማስ በታች ነው። መስማት ከፈለገ በእንግሊዝ ጉንሂሊ የተተከለውን በኢንተርኔት የሚሰማ ተቀባይ መጠቀም ነው ያለው አማራጭ። አንድ ርዕስ ብቻ ነው የሚጠቅመው ማለት ግማሹን ማኅበረሰብ ከጨዋታ ማስወጣት ነው አለ። ከዚያ ስለ ሐምቬንሽን ራሱ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሃራ አሬና ወጥቶ በግሪን ካውንቲ የትርኢት ሜዳ ላይ ነው የሚካሄደው፤ ገለጻዎቹ በየአዳራሹ በአንድ ሰዓት ላይ ስለሚደራረቡ መምረጥ ግድ ነው፤ ሜዳው ላይ የተዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ደግሞ ምናለሽ ተራን ያስንቃል። እዚያ ለሚገዛ ሰው የሰጠው ምክር ሁለት ነው። አሮጌ ኮአክሲያል አይገዛ፤ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ውኃ የጠጣ ገመድ በዓይን አይለይም። ትራንሲቨር (መላኪያና መቀበያ) ሲገዛ ደግሞ ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ የሚሰካ መሞከሪያ) ላይ ሲያሠራጭ ሳያይ ገንዘብ አያውጣ። ዋና ነጥቡ ግን ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጭር መልእክት የሚለዋወጡበት የሬዲዮ ስልት) ነው፦ ኦሃዮ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም በአንድ ሽቦ አንቴና እርስ በርስ የሚገናኙበት እሱ ነው።

መልስ 8 ትሕትናውን ተወው። ኤፍቲ8 ሁለት ኮምፒውተሮች የሚፈራረሙበት እንጂ የሬዲዮ ጨዋታ አይደለም፤ ሰላምታ የለው፣ ወሬ የለው፣ ቁጥር ተለዋውጦ መለያየት። ጉባኤዎቹም በዚህ ከተያዙ ወዲህ የሞርስ ቁልፍ የሚነካ ጠፋ። መልስ 7ንም ገበያ ለገበያ ሲዞር የከረመ ነው ብሎ ነካው፤ እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች ከዚህ በኋላ አንተ መባባል ጀመሩ።

መልስ 9 ሳይቆጣ በቁጥር መለሰ፤ ያበረደውም ይኸው ይመስለኛል። ኤፍቲ8 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ስቲቭ ፍራንኬ እና እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ጆ ቴይለር ናቸው የሠሩት። በ15 ሰከንድ ዙር 12.64 ሰከንድ ይላካል፤ 8 ድምፆች በ6.25 ኸርዝ ተራርቀው በድምሩ 50 ኸርዝ ብቻ ይይዛሉ፤ ከጫጫታው 20 ዲቢ ዝቅ ያለን ምልክት ያነባል። ለአንድ ጣሪያና ለ5 ዋት ይህ ልዩነት መገናኘትና አለመገናኘት ነው። የሚበላሸውንም ዘረዘረ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ የሚያነብህ ይቀንሳል፤ ኢንተርኔት ከሌለ የዩኤስቢ ጂፒኤስ ሰዓቱን ያስተካክላል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ በጣም ከፍ ካለ ምልክትህ በእጥፉ ፍሪኩዌንሲ ላይም ይታያል፤ የኤኤልሲ (ድምፁ ሲበዛ የሚገታው) መርፌ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው። 100 ዋት የሚባል ራዲዮ 12 ሰከንድ ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲልክ ይግላል፣ 30 ወይም 40 ዋት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ሲወጣ ጥሪው ስለሚደራረብ፣ አንድ ጣቢያ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚመልስበት የቀበሮና የውሻ ስልት አለ። ይህ ግን በተለመደው የኤፍቲ8 ቦታ፣ 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ፣ አይፈቀድም፤ ወጣ ብሎ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው።

ከዚያ ክሩ ፈጽሞ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ በእውነቱ እኔ የወደድኩትም ይህን ነው። መልስ 10 ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመዘገብ ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ለምን ብዙ ጊዜ ሳይገጥም እንደሚቀር አነሳ። ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ላይ 3 መደመር ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት 12፡00 ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 14 ተብሎ ሲቆጠር 17፡00። የእጅ ስልኩ 15፡00 የሚለውን አይቶ እሱን የጻፈ ሰው 3 ሰዓት ተሳስቷል፤ የግድግዳ ሰዓቱን 9 አይቶ 9፡00 የጻፈም እንዲሁ፣ በሌላኛው አቅጣጫ። የሁለቱን ወገን መዝገብ የሚያመሳክረው ሎግ ኦፍ ዘ ወርልድ የሰዓት ልዩነታቸውን እስከ 30 ደቂቃ ነው የሚታገሠው፤ ከዚያ ካለፈ ግንኙነቱ አይረጋገጥም። መልስ 11 ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መሆኑን ጨመረ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተደረገ ግንኙነት በሎጉ ላይ የትናንቱ ነው። አንድ ሁለት ሰው ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ሊቀልድ ሲጀምር አወያዩ ያንን ለሌላ ክር አለና አቆመው።

መልስ 12 ወደ ጉባኤው ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን በማንም ያልተጠበቀ በኩል ነው። በሐምቬንሽን የሃምሳይ ቡድን መድረክ አለው፤ አማተሮች የላይኛውን ከባቢ አየር በሬዲዮ እንዲለኩ የሚያስተባብር ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2024 አሜሪካን ያቋረጠውን የፀሐይ ግርዶሽም በዚህ መንገድ ተከታትሎታል። መልስ ሰጪው እንዳለው ይህ ለእኛ ከኪውኦ-100 አያንስም፤ ማግኔታዊው የምድር ወገብ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚያልፈው። በቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዚያ መስመር ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሄዳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ አዮኖስፌሩ (የሬዲዮ ሞገድን የሚመልሰው የላይኛው ከባቢ አየር) ይሰባበራል። የአዲስ አበባው የማግኔት መለኪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ የቆመው በከንቱ አይደለም። ለኦፕሬተሩ ያለው ትርጉም ደግሞ ይህ ነው፤ ምሽት ላይ ምልክቱ ጠንካራ ሆኖ ኤፍቲ8 ግን ማንበብ ሲያቅተው፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። መንገዱ ምልክቱን በብዙ ኸርዝ ያሰፋዋል፣ 6.25 ኸርዝ ተራርቀው የተቀመጡት ድምፆችም ይደባለቃሉ። ተመሳሳይ ነገር በ50 ሜጋኸርዝ ላይ ሲገጥም በድምፆቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያለውን ኪው65 የተባለውን ስልት መሞከር ይሻላል።

መልስ 13 በዚህ ተስማማ፣ አንድ ነገር ግን አረመ። ሃምሳይ ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት ግሬፕ የተባለው ትንሽ ተቀባይ የተሠራው የአሜሪካውን የሰዓት ምልክት ጣቢያ ደብሊውደብሊውቪን በ10 ሜጋኸርዝ እንዲከታተል ነው፤ ከኮሎራዶ የሚነሳው ምልክት አዲስ አበባ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የሞስኮው አርደብሊውኤም ነው፤ በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ሜጋኸርዝ። እሱም ንጹሑን ሞገድ የሚልከው በየግማሽ ሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚመዘግብበት ጊዜ በዚያ ልክ መታሰር አለበት። የሚለካው ለውጥ የአንድ ኸርዝ ክፍልፋይ ነው፤ ተራ ዶንግል ደግሞ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሊዮን አንድ እጅ ሲሳሳት 10 ኸርዝ ይሸሻል። ከጂፒኤስ የታሰረ ኦሲሌተር ሳይኖር የተሰበሰበ መረጃ የክፍሉን ሙቀት ነው የሚለካው። ጠያቂው እዚህ ላይ ገብቶ ኪውኦ-100 ብቻ ያለው ለጀማሪ ነው ብሎ ወሰኑን አጠበበው፤ ማንም ግን አልተከራከረውም።

መልስ 14 በሜሽታስቲክ ሎራ መሣሪያዎች (ያለ ኢንተርኔት አጭር መልእክት እርስ በርስ የሚያቀባብሉ ትንንሽ ሬዲዮዎች) ላይ የታየውን ጉጉት አንስቶ፣ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ጥቂቱን አስይዞ አዲስ አበባ ላይ መረብ መዘርጋት ቀላል ነው አለ። ክሩ በጣም የሻከረው እዚህ ላይ ነው። መልስ 15 ያለምንም ሰላምታ ገባ። ለአሜሪካ የተሸጠው መሣሪያ የሚሠራው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ለፈቃድ አልባ መሣሪያ የተመደበው በአሜሪካ አህጉራት ነው፤ በእኛ ክልል እስከ 915 ያለው የ900 ሜጋኸርዝ የሞባይል ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት ባንድ ነው። ጣሪያ ላይ የወጣ ሎራ የማማውን ጆሮ ያደነቁራል፤ የስልኩ ድርጅትም ለጥገና ሰው ይልካል። አማተር ፈቃድ ያለውም ቢሆን ይህን ባንድ አልተሰጠውም። መልስ 14 የተጻፈለትን ቁጣ በቁጣ መለሰ፤ ሶፍትዌሩ ላይ ክልሉን ቀይሮ 868 ማድረግ ይቻላል አለ። መልስ 16 ግማሽ እውነት ነው አለው፤ ቺፑ ይስማማል፣ ግን ቦርዱ ላይ ያለው ፊልተርና አንቴናው ለ915 የተሠሩ ከሆኑ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል። ሲገዛ ለ868 የተሠራውን መግዛት፣ ከመሰካቱ በፊት ደግሞ የአገሩን ደንብ መጠየቅ ነው። አወያዩ ሁለቱንም አንድ አንድ መስመር ሰርዞባቸው አለፈ።

መልስ 17 ስለ ናኖቪኤንኤ ነው፤ በሁለቱም ጉባኤዎች ጠረጴዛ ላይ የማይጠፋ ትንሽ የአንቴና መለኪያ ነው። አጠቃቀሙን እንዲህ አስቀመጠ። መጀመሪያ የሚለካውን የፍሪኩዌንሲ ክልል መምረጥ፤ ከዚያ በገመዱ መጨረሻ ላይ ክፍት፣ አጭር ዙር (ሾርት) እና 50 ኦም የሆኑትን ጫፎች በየተራ ሰክቶ ማስተካከል። ክልሉ ከተቀየረ ማስተካከያው እንደገና ነው። ክረምት ላይ ደመና ሲመጣ ከረጅም ሽቦ ጋር ማገናኘት አይገባም፤ ሽቦው ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ መግቢያውን ይገድለዋል፤ በሌላ ጊዜም ገመዱን ከመሰካት በፊት መሐሉንና መከለያውን ለአፍታ ማገናኘት ነው። ከዚያ የብዙውን የአዲስ አበባ ቤት ችግር አነሳ፦ ቆርቆሮ ጣራ። ለ14 ሜጋኸርዝ 10.1 ሜትር ዳይፖል (ከመሐሉ ገመድ የሚገባበት ሽቦ አንቴና) ከቆርቆሮው 2 ሜትር ላይ ቢዘረጋ ኢምፔዳንሱ ይወርዳል፣ የሚልከውም ወደ ሰማይ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ 5.06 ሜትር ሽቦ በቀርከሃ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ቆርቆሮውን እንደ መሬት መጠቀም ይሻላል። ሽቦውን መጀመሪያ 5.25 ቆርጦ በናኖቪኤንኤው እያዩ ማሳጠር። የቆርቆሮው ቅጠሎች ግን እርስ በርስ በሽቦና በብሎን መታሰር አለባቸው፤ ዝገት ያለበት መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ ሆኖ የአካባቢውን የኤፍኤም ጣቢያዎች ደባልቆ ወደ ተቀባዩ ያስገባል። ገመዱ መግቢያ ላይ ኤፍቲ240-31 ፌራይት ቀለበት ላይ 12 ዙር ማዞር ቤት ውስጥ ካለው ቻርጀር የሚመጣውን ጫጫታ ይቀንሳል።

መልስ 18 ነገሩን ወደ ኪውኦ-100 መልሶ ወደ ሳተላይቱ ስለ መላክ ጠየቀ። መልስ 19 ያለ ፈቃድና ያለ ጥሪ ምልክት እንደማይታሰብ ካሳሰበ በኋላ መሠረቱን ሰጠ። ወደ ሳተላይቱ የሚላከው ከ2400 እስከ 2400.5 ሜጋኸርዝ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚዞር ክብ ፖላራይዜሽን። ዲሹ ሲያንጸባርቅ አቅጣጫውን ስለሚገለብጠው ዲሹ ፊት ያለው ሄሊክስ ወይም ፓች አንቴና ወደ ግራ የሚያዞር መሆን አለበት፤ የገለበጠው ሰው በ20 ዲቢ ገደማ ደካማ ሆኖ ይሰማል፣ ማጉያውንም በከንቱ ይረግማል። ለድምፅ በ80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ከ2 እስከ 5 ዋት ይበቃል። ገመዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸነፋል፤ አርጂ-58 በ2.4 ጊጋኸርዝ ለአንድ ሜትር 1 ዲቢ ገደማ ይበላል። ከጣሪያ እስከ ክፍል 10 ሜትር ቢሆን ከአሥር አንዱ እጅ ብቻ ነው ላይ የሚደርሰው። ማጉያው ውኃ በማይገባበት ሳጥን ዲሹ ሥር ይቀመጥ፣ ወደ ክፍሉ የሚወርደው ደካማው ምልክትና የዲሲ ገመድ ብቻ ይሁን። ለዋይፋይ የተሠሩ ርካሽ ማጉያዎች ላያቸው ላይ የተጻፈውን ዋት ለድምፅ አይሰጡም፤ ከዚያ ልክ በታች ካልሠሩ ያዛባሉ።

መልስ 20 ሥነ ሥርዓቱን አከለ። ሌላ ተቀባይ ላይ ራስን እየሰሙ ነው የሚላከው፤ ድምፁ የሩብ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይመለሳል፣ ጆሮ ማዳመጫ የሌለው ሰው ይንተባተባል። የማንም ምልክት ከቢከኑ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ሌይላ የተባለው ማስጠንቀቂያ እንደ ሳይረን ላይህ ላይ ይጮሃል፣ ያኔ ኃይል መቀነስ እንጂ መከራከር የለም። ኤፍኤም የተከለከለ ነው።

መልስ 21 በሳተላይቱ ሰፊ ባንድ የሚተላለፈውን የአማተሮች ቴሌቪዥን በቤቱ ሪሲቨር ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 22 እንዲሁ እንዳለ አይቻልም አለ። ቢከኑ 10491.5 ሜጋኸርዝ ላይ በአግድም ፖላራይዜሽን ስለሆነ ከ9750 ሲቀነስ 741.5 ይሆናል፤ የሪሲቨሩ ቲዩነር የሚጀምረው ግን ከ950 ነው። የኤልኤንቢውን 25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነቅሎ 24 የሚተካ ሰው 9360 ያገኛል፤ ቢከኑም ወደ 1131.5 ይወጣል። ሪሲቨሩ ላይ የኤልኤንቢው ፍሪኩዌንሲ 9360፣ ሲምቦል ሬቱ 1500 ተብሎ ይሞላል፤ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ሲምቦል ሬት የማይቀበል ሪሲቨር ብዙ ስለሆነ ክሪስታሉን ከመንቀል በፊት ሜኑው ላይ 1500 መጻፍ የሚፈቅድ መሆኑን ማየት ይቀድማል።